የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖችን የሞተር ጌጆች እንዴት እናነባለን

በኮምፒውተር የበረራ ጌም ሜሰርሽሚት 109 ወይም ፎከ ቩልፍ 190 የሚያበሩ ሰዎች ዓይናቸው ብዙ ጊዜ ከፍጥነትና ከከፍታ መለኪያው ላይ አይነሳም። ሞተሩ በሰማይ ላይ ጭስ መትፋት ሲጀምር ግን ምክንያቱ ከደቂቃዎች በፊት በሌሎቹ ጌጆች ላይ ታይቶ አልፏል። ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። በሙዚየም ውስጥ ወይም በፎቶ የእነዚህን አውሮፕላኖች ኮክፒት አይተው የትኛው መርፌ ምን እንደሚለካ ለጠየቁም ነው፤ አሮጌ ጌጅ ገዝተው በእጃቸው ለያዙም እንዲሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዙልኝ። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ሁለት ጌጆች ሞተሩ ምን ያህል ጉልበት እያወጣ እንደሆነ ይናገራሉ። የቀሩት ደግሞ በዚያ ጉልበት ለምን ያህል ጊዜ ሊቀጥል እንደሚችል ይነግሩዎታል። የሚከተለው የአነባበብ ቅደም ተከተል በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከሁለት ሞተሮች ነው። አንደኛው በሜሰርሽሚት 109 ጂ ላይ ያለው ዳይምለር-ቤንዝ ዲቢ 605 ኤ ነው፦ 12 ሲሊንደር፣ 35.7 ሊትር፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ፣ ሲሊንደሮቹ ወደ ታች የተገለበጡ። ሁለተኛው የፎከ ቩልፍ 190 ኤ ሞተር፣ ቢኤምደብሊው 801 ዲ ነው፦ 14 ሲሊንደር፣ 41.8 ሊትር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ።

መጀመሪያ ሰሌዳውን በዓይንዎ ይክፈሉት

በሜሰርሽሚት 109 ላይ ከፍታን፣ ፍጥነትንና ሚዛንን የሚያሳዩት መለኪያዎች በግራና በመሃል ይሰበሰባሉ፤ የሞተሩ ጌጆች በቀኝ በኩል ናቸው። በፎከ ቩልፍ 190 ላይ ሰሌዳው ከላይና ከታች ተከፍሏል። የግፊትና የዙር መለኪያዎቹ ከላይ በቀኝ ይቀመጣሉ፤ የዘይት፣ የሙቀትና የነዳጅ ጌጆች በታችኛው ሰሌዳ ላይ ይገኛሉ።

ጀርመንኛ የማይችል ሰው በቀለም መመራት ይችላል። ቢጫ ነዳጅን፣ ቡናማ የሞተር ዘይትን፣ ሰማያዊ ኦክስጅንን ያመለክታል። ይኸው ቀለም በቧንቧዎቹም ላይ ስላለ የኮክፒቱን ግድግዳ ሲያዩም ይጠቅምዎታል። ከጽሑፎቹ ውስጥ ለመጀመሪያ ቀን አራት ቃላት ይበቃሉ፦ ላደድሩክ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ግፊት ነው፤ ድሬህሳል የሞተሩ ዙር፤ ክራፍትሽቶፍ ነዳጅ፤ ሽሚርሽቶፍ ዘይት።

ሞተሩ ሳይነሳ የግፊት ጌጁን ይፈትሹ

የላደድሩክ ጌጁ የተከፋፈለው አታ በሚባል መለኪያ ነው። አንድ አታ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፍ የአንድ ኪሎግራም ግፊት ማለት ነው። በሜሰርሽሚት 109 ጂ ላይ ቁጥሩ ከ0.6 ተነስቶ እስከ 1.8 ይሄዳል። ይህ መለኪያ የሚቆጥረው ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ጀምሮ ስለሆነ ሞተሩ ቆሞ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ አይተኛም፤ በዙሪያው ያለውን የአየር ግፊት ያሳያል። በባሕር ጠረፍ 1.03 አካባቢ ይቆማል። ሙኒክ ላይ ወደ 0.97 ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ቢያስቀምጡት 0.78 አካባቢ ያነባል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ከሞተር ማስነሻው በፊት ነው። ግፊት የሚለካ ስልክ ካለዎት የሚያሳየውን ሄክቶፓስካል ለ981 ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ቁጥርና የጌጁ ንባብ መቀራረብ አለባቸው። የአየር ሁኔታ ዘገባ ላይ የሚሰጠውን ቁጥር ግን አይውሰዱ፤ እሱ ወደ ባሕር ወለል የተስተካከለ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ያሳስትዎታል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ጌጁ ከተነሱ በኋላም ውሸቱን አያቆምም።

ግፊትንና ዙርን ሁልጊዜ አንድ ላይ ያንብቡ

በአጭሩ፣ ግፊቱ እያንዳንዱ የፒስተን ምት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ የዙር ጌጁ ደግሞ ምቱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ። ስለዚህ አንዱን ብቻ ማንበብ ግማሽ ዜና መስማት ነው። ጀርመኖቹም መመሪያቸውን የጻፉት በጥንድ ነበር። እርስዎም በጥንድ ይያዙት።

ለዲቢ 605 ኤ፦
1.42 አታ ከ2,800 ዙር ጋር፤ ለመነሻና ለአስቸኳይ ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ።
1.30 አታ ከ2,600 ዙር ጋር፤ ለመውጣትና ለውጊያ፣ እስከ 30 ደቂቃ።
1.15 አታ ከ2,300 ዙር ጋር፤ ያለማቋረጥ የሚበረርበት።

ለቢኤምደብሊው 801 ዲ፦
1.42 አታ ከ2,700 ዙር ጋር፤ ለመነሻና ለአስቸኳይ ጊዜ፣ 3 ደቂቃ።
1.32 አታ ከ2,400 ዙር ጋር፤ ለመውጣትና ለውጊያ፣ 30 ደቂቃ።
1.20 አታ ከ2,300 ዙር ጋር፤ ያለማቋረጥ።
1.10 አታ ከ2,100 ዙር ጋር፤ ነዳጅ ለመቆጠብ።

እነዚህን ቁጥሮች በቃል መያዝ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። ወደ ሌላ ሞተር ግን ይዘዋቸው አይሂዱ። ለምሳሌ ፎከ ቩልፍ 190 ዲ-9 ስሙ ያው ቢሆንም ሞተሩ ዩሞ 213 ኤ ነው፤ በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፣ ለመነሻም እስከ 3,250 ዙር ይወጣል።

አሁን ጥንዱ ሲፈርስ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ ዙሩ ከልክ በላይ ከወጣ የፕሮፔለሩ ምላጭ አየሩን በቂ አልያዘም፤ ሞተሩ ያለ ሸክም እየበረረ ነው። በቁልቁል በረራ ላይ በእጅ እያስተካከሉ ከሆነ ይህን ያገኙታል። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ ግፊቱ 1.3 ላይ ሆኖ ዙሩ 2,000 ላይ ሲቀር ሞተሩ የጣርማ በርን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንዲወጣ እንደተገደደ የጭነት መኪና ይሆናል። ቤንዚኑ በሥርዓት መቃጠሉ ቀርቶ ይፈነዳል፣ ፒስተኑም ይበሳል። ስለዚህ ጉልበት ሲጨምሩ መጀመሪያ ዙሩ እንዲነሳ፣ ሲቀንሱ ደግሞ መጀመሪያ ግፊቱ እንዲወርድ ያድርጉ።

በተለመደው አሠራር ይህን የሚያደርግልዎት አውቶማቲኩ ነው፤ አብራሪው አንድ የጋዝ እጀታ ብቻ ይገፋል፣ ፕሮፔለሩ ራሱ ይከተላል። በቢኤምደብሊው 801 ላይ ኮማንዶጌሬት የሚባለው መሣሪያ ከአንዲት እጀታ ተነስቶ የግፊቱን መጠን፣ የቤንዚኑን ቅልቅል፣ የፕሮፔለሩን ምላጭ፣ የካንዴላውን የብልጭታ ሰዓትና አየር አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባውን የሱፐርቻርጀሩን ማርሽ በሙሉ ይመራል። በጣም የሚደነቅ ሥራ ነው። ሰኔ 1942 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀርመናዊው አብራሪ ኦበርሎይትናንት አርሚን ፋበር በስህተት ዌልስ ውስጥ ፔምብሪ በተባለው የእንግሊዝ ጣቢያ አንድ ፎከ ቩልፍ 190 ኤ-3 ሲያሳርፍ እንግሊዞች ይህን ሞተር ያልተጎዳ ሆኖ በእጃቸው አገኙት። ለእርስዎ የሚሆነው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ኮማንዶጌሬት ባለበት አውሮፕላን ላይ ጥንዱ ከሰንጠረዡ ከራቀ ጥፋቱን ከእጅዎ ሳይሆን ከመሣሪያው ይጠርጥሩ።

ስለ 1.42 አንድ ነገር ልጨምር። ዲቢ 605 ኤ በ1942 ወደ ጦሩ ሲገባ ይህ ጉልበት በወረቀት ላይ ተፈቅዶ በተግባር ግን ተከልክሎ ነበር። ፒስተኖች ይቃጠሉ ነበር፣ የዘይቱ ሥርዓትም ኩሽኔታዎቹን በሚገባ አያረካም። አብራሪዎቹ በ1.30 እንዲወሰኑ ታዘዙ፤ እገዳው የተነሳው በ1943 ነው። ሃንስ-ዮአኪም ማርሰይ የተባለው ስመ ጥር አብራሪ መስከረም 30 ቀን 1942 ግብፅ ላይ የሞተው በአዲሱ ሜሰርሽሚት 109 ጂ-2 ሲበር ነው፤ ሞተሩ ተበላሽቶ ኮክፒቱ በጭስ ተሞላ፣ ሲዘልም ከጭራው ጋር ተጋጨ። ስለዚህ የ1942ን የበረራ ታሪክ በጌም ላይ እየተከተሉ ከሆነ እጀታውን ከ1.30 አያሳልፉ።

የሌሎችን ቁጥር ከጀርመኑ ጋር ሲያስተያዩ

አሜሪካኖች ይህንኑ ግፊት በሜርኩሪ ኢንች ይለኩታል፤ አታውን በ28.96 ሲያባዙ ያገኙታል። እንግሊዞች ደግሞ ከባሕር ወለል አየር በላይ ያለውን ብቻ በፓውንድ ይቆጥራሉ፤ አታውን በ14.22 አባዝተው 14.7 ይቀንሱ። በዚህ ስሌት 1.42 አታ ወደ 41 ኢንች ወይም 5.5 ፓውንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንግሊዞቹ ስፒትፋየር በ18 ፓውንድ ሲበር በጀርመን ጌጅ 2.3 አታ ነው፤ ታዲያ የጀርመኑ ሞተር ደካማ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። የስፒትፋየሩ ሞተር መርሊን ግን 27 ሊትር ብቻ ነው፤ አየሩንም በ6 እጥፍ ያምቃል። ዲቢ 605 35.7 ሊትር ሆኖ ከ7 እጥፍ በላይ ያምቃል፤ የሚጠጣውም ብዙ ጊዜ 87 ኦክታን ቤንዚን ነበር። ያን ያህል የሚያምቅ ሞተር በእንዲህ ያለ ቤንዚን ከፍ ያለ ግፊት አይችልም፤ በ1.42 አታ ግን 1,475 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በ1944 ሜታኖልና ውሃ እኩል ተቀላቅሎ የሚረጭበት ኤምደብሊው 50 ሲመጣ ነው 109 ጂ-14 እስከ 1.7፣ ኬ-4 ደግሞ እስከ 1.8 አታ የደረሱት፤ እሱም በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ ነው።

እየወጡ ሳለ መርፌውን ይከታተሉ

እጀታውን ሳይነኩ ወደ ላይ ይውጡ። በዲቢ 605 ላይ ሱፐርቻርጀሩ የሚዞረው በዘይት በሚሠራ ማያያዣ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ማያያዣው በትንሽ በትንሹ እየጠበቀ ያፈጥነዋል። ስለዚህ የግፊቱ መርፌ እስከ 5.7 ኪሎሜትር አካባቢ ንቅንቅ አይልም፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እጀታ ቢጨምሩም የሚመጣ ነገር የለም። ቢኤምደብሊው 801 ግን ባለ ሁለት ማርሽ ሱፐርቻርጀር አለው። በመጀመሪያው ማርሽ ግፊቱ መውረድ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ሲገባ መርፌው ዘሎ ይመለሳል። ያን ዝላይ ካላዩ ማርሹ አልተቀየረም።

ሰዓት የሚመስለው ጌጅ

በሁለቱም አውሮፕላኖች ላይ ሁለት መርፌና 12 ቁጥር ያለው፣ ፍጹም ሰዓት የሚመስል ክብ አለ። የፕሮፔለሩን ምላጭ አቀማመጥ ያሳያል። በሜሰርሽሚት ለመነሳት 12:00 ላይ ይሆናል፤ ምላጩ አየሩን አብዝቶ እየነከሰ ሲሄድ መርፌዎቹ ወደ ኋላ፣ ወደ 11፣ 10፣ 9 ይመለሳሉ። አውቶማቲኩ እየሠራ ከሆነ ይህን ጌጅ አልፎ አልፎ ማየት ይበቃል። ወደ እጅ ከቀየሩ ግን ከዙር ጌጁ ጋር አብረው ይዩት፤ ያለዚያ በ9:00 ላይ ረስተውት ለማረፍ ይመጡና እንደገና መነሳት ሲያስፈልግ ሞተሩ ዙር አያነሳልዎትም።

ሲያስነሱ የዘይት ግፊት ከሁሉም ይቀድማል

አንድ ጌጅ በውስጡ ሁለት መለኪያ ይይዛል፤ አንዱ የነዳጅ ግፊት፣ ሌላው የዘይት ግፊት፣ ሁለቱም በኪሎግራም በካሬ ሴንቲሜትር። ሞተሩ እንደያዘ ዓይንዎን ወደ ዘይቱ መርፌ ይውሰዱ። ወዲያው ካልተነሳ ሞተሩን ያጥፉ፤ ምክንያቱን በኋላ ይፈልጉ። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ግፊቱ ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ይወርዳል። በሩሲያ ክረምት ደግሞ ጀርመኖች ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት ዘይቱን በቤንዚን ያቀጥኑት ነበር፤ በማግስቱ ሲያስነሱት ቤንዚኑ ተንኖ እስኪያልቅ የዘይቱ ግፊት ዝቅ ብሎ ይቆያል።

ዘይቱ ከሞቀ በኋላ የማግኔቶ ቁልፉን ከሁለቱም ወደ አንዱ፣ መልሰው ወደ ሁለቱም፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያዙሩት፤ ምልክቶቹ ኤም1፣ ኤም2 እና ኤም1+2 ናቸው። የዙሩ መርፌ ትንሽ ቢወርድ ደህና ነው። በአንደኛው ላይ ብቻ አብዝቶ ከወረደ ወይም ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ የዚያ ወገን ካንዴላዎች ወይም ማግኔቶው ታመዋል፤ አይነሱ።

ሙቀቱን ከግፊቱ ጋር አጣምረው ይፍረዱ

የሜሰርሽሚት ራዲያተሮች በክንፎቹ ሥር ናቸው፤ መዝጊያቸው በሙቀት ራሱ ይከፈታል ይዘጋል። መሬት ላይ ግን የሚነፍስ አየር ስለሌለ ውሃው ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ሞተሩ ተነስቶ ለረጅም ጊዜ አይቁሙ። ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ታች ላይ የማያስፈራው ቁጥር ከፍታ ላይ ሊያስፈራ ይገባል። ፎከ ቩልፍ 190 ኤ የራዲያተር ውሃ የለውም። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ያለው ባለ 12 ምላጭ ማራገቢያ ሞተሩን ያቀዘቅዛል፤ የዘይት ማቀዝቀዣው በአፍንጫው ቀለበት ውስጥ ከብረት ጋሻ ጀርባ ነው። ስለዚህ በዚህ አውሮፕላን ላይ የሕመሙን ዜና የሚያመጣው የዘይቱ ሙቀት ነው።

እንዲህ ይፍረዱ። የዘይት ሙቀት ከወጣና ግፊቱ ቀስ ብሎ ከወረደ ዘይቱ ቀጥኗል፤ ጉልበት ይቀንሱ፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ፍጥነት ያግኙ፣ ይመለሳል። ሙቀቱ እየወጣ ግፊቱ በፍጥነት ከወደቀ ዘይት እየፈሰሰ ነው ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው፤ የሚያርፉበትን ሜዳ ይፈልጉ። የራዲያተሩ ሙቀት በጣም ከወጣ በኋላ በድንገት ቢወድቅ ደግሞ አይደሰቱ። ውሃው አልቆ መለኪያው ባዶ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቀዘቀዘ ሲልዎት ሞተሩ እየተጠበሰ ነው።

የነዳጅ ጌጁ የሚደብቃቸው ነገሮች

ሜሰርሽሚት 109 ጂ ከአብራሪው ጀርባና መቀመጫ ሥር 400 ሊትር ይይዛል። ሆዱ ላይ 300 ሊትር ተንጠልጣይ ታንክ ሲጨመርበት ቤንዚኑ መጀመሪያ ወደ ዋናው ታንክ ይገፋል። በዚህ ምክንያት ጌጁ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ተበላሽቷል ብለው አይቸገሩ። በኮክፒቱ ቀኝ ግድግዳ የሚያልፈውን ቢጫ ቧንቧ ይፈልጉ፤ ከፊሉ መስታወት ነው። ቤንዚኑ በውስጡ ሲያልፍ ይታያል። ፍሰቱ ሲቋረጥና አረፋ ሲመጣ ተንጠልጣዩ አልቋል ማለት ነው፤ መርፌው መውረድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ ሰዓትዎን ይያዙ።

ፎከ ቩልፍ 190 ኤ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ታንክ አለው፤ የፊተኛው 232፣ የኋለኛው 292 ሊትር። ጌጁ ግን አንድ ነው፤ የትኛውን እንደሚያሳይ የሚወስነው ማዞሪያው ነው። ንባብ ከመውሰድዎ በፊት ሁልጊዜ ማዞሪያውን ይዩ።

እውነተኛውን ጌጅ በእጅዎ ከያዙ

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለው ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ፎከ ቩልፍ 190 ኤፍ-8ን ማየት ትችላላችሁ፤ ሞተሩ ይኸው ቢኤምደብሊው 801 ነው። በሚያዩበት ጊዜ ሙኒክ አጠገብ አላኽ በተባለው ቦታ ይህን ሞተር እንዲሠሩ የዳካው ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ይገደዱ እንደነበር ቢታወስ ተገቢ ነው፤ የማሽኑ ብልሃት ያንን አይሸፍነውም።

አሮጌ ጌጅ የገዛ ሰው በጀርባው ወይም በፊቱ ላይ ኤፍኤል ከሚሉ ፊደላት ጋር ቁጥር ያገኛል፤ የጀርመን አየር ኃይል የዕቃ መለያ ነው። የላደድሩክ ጌጅ ከሆነ ያለ ምንም መሣሪያ ሊፈትኑት ይችላሉ፤ ከላይ እንዳልኩት መርፌው የሰፈርዎን አየር ግፊት ማንበብ አለበት። አዲስ አበባ ላይ 1.0 ካለ ታምሟል።

መስታወቱን ግን አይክፈቱ። በጨለማ እንዲታዩ የተቀቡት ብዙዎቹ ቁጥሮችና መርፌዎች ራዲየም ያለበት ቀለም አላቸው። ዛሬ ባያበሩም አደጋው አልቀረም፤ የደከመው የሚያበራው ቅመም ነው እንጂ ራዲየሙ ግማሽ ኃይሉን ለማጣት 1,600 ዓመት ይፈልጋል። የቀለሙ ብናኝ ከተነፈሱት ወይም ወደ አፍ ከገባ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ጌጅ ካለ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው፣ ከመኝታ ቤትና ከልጆች አርቀው ያስቀምጡት፤ በነካኩት ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ማጽዳት ወይም መጠገን ካስፈለገ የጨረር መለኪያ ላለው ባለሙያ ይስጡት።